ስለ መካንነት ሕክምና፤ ባልም ከሚስቱ ጋራ ሊመረመር የሚገባው ስለ መሆኑ

ልጅ ማጣት የሁለት ሰዎች ኀዘን ሲሆን፤ በአገራችን ነውሩ በአንዲቱ ላይ ብቻ ሲጫን ኖሯል። ባልና ሚስት ተጋብተው ሦስት አራት ዓመት ያለ ልጅ ሲቀመጡ ዘመድ የሚጠይቀው ሚስቲቱን ነው፤ ጎረቤትም የሚያማው እርስዋኑ ነው፤ ወደ ጠበሉም ወደ ሐኪም ቤቱም ብቻዋን የምትመላለሰው እርስዋ ናት። በመጨረሻም ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረት የሚካፈሉበት ቀን ሲደርስ፤ ባልዮው አንድ ቀን እንኳ በሐኪም ፊት ሳይቀርብ ነገሩ ያልቃል። ይህም ምስክሩ ሳይመረመር እንደ ተሰጠ ፍርድ ያለ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፤ ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ዘመን ይህ ችግር እንደሚያገኘው አስታውቋል። ምክንያቱም ከሴቲቱ ወገን የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከወንዱ ወገን የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከሁለቱም የሚሆንበት፤ ተመርምሮም ሳይታወቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ወንድ ለግብረ ሥጋ ብርቱ መሆኑ ዘሩ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የዚህ ሕክምና ታሪክ ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኦልደም ከተማ ሉዊዝ ብራውን የምትባል ልጅ ተወለደች። እናትዋ እንቁላል ወደ ማኅፀን የሚያልፍበት ቱቦ ተዘግቶባት ዘጠኝ ዓመት ያህል ልጅ ስትሻ የኖረች ነበረች። ሮበርት ኤድዋርድስና ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፤ ከረዳታቸው ከወይዘሪት ዢን ፐርዲ ጋራ ሆነው፤ እንቁላሏን አውጥተው ከባልዋ ዘር ጋራ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ካገናኙ በኋላ ፅንሱን ወደ ማኅፀንዋ መለሱት። ኤድዋርድስ ስለዚሁ ሥራ በ2003 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዳሩ ግን ይህ ጥበብ የሴቲቱን በሽታ ሲያቃልል የወንዱን ድካም ብዙም አልረዳም ነበር። በ1984 ዓ.ም. የብራስልስ ሐኪሞች አንዲት የወንድ ዘር ብቻ መርጠው በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ በማግባት ልጆች መወለዳቸውን አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ዘሩ እጅግ ጥቂት የሆነበት ሰው እንኳ ከገዛ አብራኩ ልጅ ለመውለድ ችሏል። እንግዲህ ባል ከምርመራ የሚሸሽበት ምን ምክንያት ቀረው?

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፤ በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው የሆነው የዚህ ሕክምና ማእከል ተከፍቷል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሕክምናው ውድ ነው፤ መድኀኒቱም ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሞክሮም ሳይሳካ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ይልቁንም የሴቲቱ ዕድሜ በገፋ ቁጥር ተስፋው እየቀነሰ ይሔዳል። ስለዚህ በየክፍላተ ሀገሩ ማእከል ማብዛት የሚገባ ቢሆንም፤ ከዚያ በፊት በርካሽ የሚሠራ ሥራ አለ። የማኅፀን ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ሳይታከም በቆየ ጨብጥና ይህን በመሰለ የአባላዘር በሽታ፤ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ በሚነሣ ሕመም ነው። ይህን በጊዜው ማከም በጤና ጣቢያ የሚቻል ነው፤ ባልና ሚስትም አብረው ካልታከሙ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል።

የወደ ፊቱ ነገር ከዚህም የሰፋ ነው። በ2017 ዓ.ም. የእንግሊዝ አገር ሐኪሞች፤ ከእናት የሚወረሰውን የሚቶኮንድሪያ በሽታ ለመከልከል በሌላ ሴት እንቁላል ረዳትነት ስምንት ሕፃናት መወለዳቸውን ገልጸዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የቻይና ሊቅ የፅንስን ውርስ በድፍረት ለውጦ ልጆች እንዲወለዱ ስላደረገ በኋላ ታስሯል። የተረፈው ፅንስ ምን ይሁን? ከሦስተኛ ሰው ዘር መቀበልስ ይገባልን? ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ይህን መጠየቃቸው የሚገባ ነው። እንግሊዞች የመጀመሪያዋ ልጅ ከተወለደች በኋላ ሙሉ ሕግ ለማውጣት ከ12 ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል፤ የእኛ ሹማምንት ግን የሌላውን መዘግየት አይተው ደንቡን ጥበቡ በገፋ ቁጥር እየመረመሩ ቢያድሱት ይሻላል።

ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ካህኑ ኤሊ ሐናን በመቅደስ በኀዘን ከንፈርዋን ስታንቀሳቅስ አይቶ ሰክራለች ብሎ እንደ ገሠጻት፤ ነገሩን ከሰማ በኋላ ግን እንደ መረቃት ካህናቶቻችን ያውቃሉ። የእነዚህን ባልና ሚስት ምሥጢር አስቀድሞ የሚሰማው የነፍስ አባት ነው። ጸሎቱንና ጠበሉን ሳይከለክል፤ ባልዮውን ለብቻው ጠርቶ «አንተስ ተመርምረሃልን?» ቢለው ብዙ ትዳር ይተርፋል። ሽማግሎችና ዳኞችም መካንነት ለፍቺ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብላቸው ይህንኑ ቢጠይቁ መልካም ነው። ሰውን በግድ ይመርመር አንልም፤ በግድ የሚሆን ነገር አይደለምና። የወንዱ ምርመራ ግን ቢላ የለውም፤ ሕመምም የለውም፤ ዋጋውም ከሴቲቱ ምርመራ ያነሰ ነው። ባልዮው በመጀመሪያው ቀን አብሮ ቢሔድ፤ ሚስቲቱ ብቻዋን በመመላለስ የምታጠፋው የወሊድ ዘመንዋ ይተርፍላት ነበር።