ሽምግልናው ይቀጥል፤ የሕጉ ቀን ግን አይለፍ

ድሬዳዋ ገና ስትቆረቆር የሠራተኛ ከተማ ነበረች። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ የከዚራን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የቀየሱት የባቡር ኩባንያው ሰዎች ቢሆኑም፣ ሐዲዱን የዘረጋው፣ ጭነቱን የተሸከመውና ፉርጎውን የጠገነው የወዛደሩ ክንድ ነው። ዛሬም በከዚራ ሱቆች፣ ሆቴሎች፣ ጋራዦችና የግንባታ ሥፍራዎች ላቡን አንጠፍጥፎ የሚያድረው ሠርቶ አደር ብዙ ነው።

የዚህ ሠራተኛ መብት በአንድ ጀንበር የተገኘ አይደለም። ከ1956ቱ አዋጅ ቁጥር 210 ተነሥቶ፣ በ1968፣ በ1985 እና በ1996 በወጡት አዋጆች አልፎ፣ በ2011 ዓ.ም. ከወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደርሷል። ይህ አዋጅ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት በክፍያ፣ ለወላድ እናት ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የቤት ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

ይሁን እንጂ በሕግ የተጻፈ መብት በተግባር የሚውለው ባለቤቱ ሲያውቀውና በጊዜው ሲጠይቀው ብቻ ነው። ብዙው ሠራተኛ የሚቀጠረው በቃል ነው፤ ሲሰናበትም «ውል የለኝም፣ ምን ይዤ እከሳለሁ?» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ፣ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም ሠራተኛው በሕጉ ያለውን መብት አያጣም።

መብትን የሚያጠፋው የወረቀት እጦት ሳይሆን የጊዜ ማለፍ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ጥያቄ ከሦስት ወር በኋላ በይርጋ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያም መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ይታገዳል። በዚህ ላይ አበክረን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰፈራችን ጠብ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ሽማግሌ ነው፤ ይህም የሚያኮራ ባህል ነው። ነገር ግን «በዓሉ ይለፍ»፣ «ባለቤቱ ከመንገድ ይመለሱ» እየተባለ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲደረብ ሦስቱ ወር ያልቃል። የሽማግሌ ቀጠሮ የይርጋውን ቆጠራ አያቆምም። ቆጠራውን የሚያቋርጠው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ወይም አዋጁን ለሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ማቅረብ፣ አለዚያም ባለዕዳው ወገን ጥያቄውን በግልጽ ማመኑ ነው። አሠሪው ካመነ እምነቱ በጽሑፍ ይስፈር፤ በቃል ያለ ይረሳልና። ሠራተኛው ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ ስለማይጠየቅ፣ ድህነት ከችሎት ደጃፍ ሊያስቀረው አይገባም።

አሠሪውም ቢሆን ጽሑፍን እንደ ጠላት ሊያየው አይገባም። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀናት የፈቀደለት የሙከራ ጊዜ የሚጸናው በጽሑፍ ሲስማሙ ነው። ሥራውን በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት። እንግዲህ የጠራ ውል ሁለቱንም ወገን ከክርክር ያድናል።

በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጣና የተመረቀባት ይህች ከተማ አዳዲስ ሠራተኞችን መቀበሏ አይቀርም። ስለዚህ የከዚራ የሰፈር ማኅበራት አባላት ሆይ! የተባረረ ጎረቤታችሁ ለሽምግልና ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «መቼ ተሰናበትህ?» ይሁን። ቀኑን መዝግቡ፤ አቤቱታውን ለሚመለከተው አካል እንዲያስገባ እርዱት፤ ዕርቁንም ጎን ለጎን ቀጥሉ። ክሱ ከገባ በኋላ የሚወርድ ዕርቅ ማንንም አይጎዳም። ይርጋው ካለፈ በኋላ የሚጠበቅ ዕርቅ ግን የሠራተኛውን እንጀራ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ይጥለዋል። ላቡን ያፈሰሰ ሠራተኛ የሚገባው ምጽዋት ሳይሆን መብቱ ነው እንላለን።