ለፈሪ የሚሰጥ ጥብዓት

አገራችን ጀግናን ማወደስ የምታውቅበት አገር ናት። በሠርግም በለቅሶም፣ በዘመቻ ዋዜማም ከዘመቻ መልስም፣ ፎካሪው አባቱንና አያቱን እየጠራ፣ የጣለውን እየቈጠረ፣ ከወዲያ ወዲህ ሲንጐራደድ እያየ ያደገ ሕዝብ፣ ፈሪ ለተባለው ሰው የሚሆን መቀመጫ የለውም፤ «ፈሪ ለእናቱ» እያለ ይዘባበትበታል፤ በሸንጎም ቢናገር ቃሉን አያነሣለትም። ይህ ልማድ በክፉ ዘመን አገር ያቆመ ልማድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በዚያው መንደር፣ ፎካሪው ከቆመበት ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ሌላ መጽሐፍ ይነበባል፤ ያም መጽሐፍ ስለ ፈሪ ሰው የሚናገረው ከፉከራው እጅግ የራቀ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን በአንድ ጆሮ እየሰማን ሳንደነቅ መኖራችን እኔን ዘወትር ይገርመኛል።

ሐምሌ 19 ቀን ወደ ቁልቢ የሚተመው ሕዝበ ክርስቲያን የሚያከብረው፣ መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ውኃ ያዳነበትን ዕለት ነው። ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ የለም፤ ሥዕሉንም በየቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ አይተነዋል። ይሁን እንጂ ዓይናችን ወደ መልአኩ ክንፍና ወደ ሕፃኑ ፊት ስለሚሳብ፣ ከመካከላቸው ያለችውን ሴት ልብ ብለን የምናያት ጥቂቶች ነን። ይህች ሴት የዘመኑን ስደት ሸሽታ የወጣች፣ የ3 ዓመት ልጇን ይዛ አገር ለአገር ስትንከራተት በጠርሴስ ከመኰንኑ እጅ የወደቀች ናት። ውኃው በእሳት ሲንተከተክ፣ የፍላቱም ድምፅ እንደ ነጐድጓድ ሲያስገመግም በሰማች ጊዜ ልቧ ቀለጠ፤ ፈራች። የቅዱሳንን ገድል የጻፉ አባቶች ይህን ሊያልፉት ይችሉ ነበር፤ አላለፉትም። መፍራቷን ጻፉ፤ ጽፈውም ቅድስት አሏት። ከመልአኩ አስቀድሞ ያጸናት ደግሞ ጳጳስ ወይም ባሕታዊ አልነበረም፤ ገና አፉን በወጉ ያልፈታ ሊባል የሚችል ሕፃን፣ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእቶን ያወጣ አምላክ እነርሱንም ሊያወጣ እንደሚችል እያሳሰበ፣ እናቱን አይዞሽ ያላት እርሱ ነው። ልጅ ከእናቱ ጉያ መሸሸጉ የተለመደ ሲሆን፣ በዚህ ታሪክ ግን እናት በልጇ ቃል ተጠለለች።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን አንዳንድ ሰባክያን ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ የሚፈራ ሰው እምነት የለውም፣ የሚያምንም አይፈራም ብለው ሲወስኑ እሰማለሁ። ቃሉ ለጆሮ ያምራል፤ በጤንነት ቀን ለሚሰማውም ሰው ጕልበት ይመስላል። ነገር ግን ነገ ለቀዶ ጥገና የምትገባ ሴት፣ ወይም በኃይለኛ ሰው ላይ ለመመስከር ችሎት የተጠራ ድኻ ይህን ስብከት ሰምቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በፊት አንድ ፍርሃት የነበረው አሁን ሁለት ሆኖበት ይመለሳል፤ የሚመጣውን ይፈራል፣ ደግሞም በመፍራቱ ከእግዚአብሔር የተለየ መስሎት ይፈራል። እኔ እስከማስተውለው ድረስ እግዚአብሔር አስቀድሞ ፍርሃትን አውጥቶ ቀጥሎ ሰውን የሚልክ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከነፍርሃቱ ይልከዋል፤ ጥብዓቱንም በመንገድ ላይ፣ ለሚቀጥለው እርምጃ በሚበቃ መጠን ይሰጠዋል። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በ450 የበኣል ነቢያት ፊት ብቻውን ቆሞ ካሸነፈ በኋላ፣ ከአንዲት ንግሥት የመጣ አንድ መልእክት ቢያስደነግጠው ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ሞትን የለመነ ሰው ነው፤ መልአኩም ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ተግሣጽ አላመጣም፤ እንጎቻና ውኃ አመጣለት፣ አስተኛው፣ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ይህን ነገር ገልጦ የሚያሳየኝ በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈው የጌዴዎን ታሪክ ነው። ምድያማውያን እስራኤልን 7 ዓመት ሲያስጨንቁ፣ ሕዝቡ ዘርቶ ሲያበቃ እንደ አንበጣ እየወረዱ እህሉንም ከብቱንም ሲጠርጉ፣ ሰውም በዋሻና በተራራ ጕድጓድ በሚሸሸግበት በዚያ ዘመን፣ ከምናሴ ነገድ የሆነው የኢዮአስ ልጅ ጌዴዎን ስንዴውን በወይን መጥመቂያ ውስጥ ይወቃ ነበር። እህል ወቅቶ የሚያውቅ ገበሬ የዚህን ነገር አሳዛኝነት ከእኛ ከከተሜዎቹ ቀድሞ ይረዳዋል፤ አውድማ የሚለቀለቀው ነፋስ በሚያገኘው ገላጣ ቦታ ነውና፣ ከጕድጓድ ውስጥ ገብቶ ፍሬውን ከገለባው የሚለይ ማን አለ? ጌዴዎን ግን ነፋስ ባለበት የጠላት ዓይንም አለ ብሎ የሰጋ ሰው ነበር። የእግዚአብሔር መልአክ ተገልጦ ኃያል ሰው ብሎ የጠራውም፣ በድል አደባባይ ሳይሆን በዚያ ተሸሽጎ ገለባ በሚያራግፍበት ስፍራ ነው። ለሰሚው ፌዝ ይመስላል። ጌዴዎን ራሱ፣ ወገኑ ከምናሴ የተናቀ፣ እርሱም በአባቱ ቤት የመጨረሻው መሆኑን እየዘረዘረ ተከራከረ፤ የተሰጠው መልስ ድካምህን አጋነንህ የሚል አልሆነም፤ እግዚአብሔር ከእርሱ ጋራ እንደሚሆን ብቻ ተነገረው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ የገዛ አባቱን የበኣል መሠዊያ እንዲያፈርስ ነበር። ከሎሌዎቹም 10 ሰዎች ይዞ አፈረሰው፤ ነገር ግን ያፈረሰው በሌሊት ነው፤ መጽሐፉም ምክንያቱን ሳይሸፍን፣ የአባቱን ቤተ ሰብና የከተማውን ሰዎች ስለ ፈራ ነው ብሎ ጽፎታል። እኛ ብንሆን ኖሮ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ እንደ ሌባ ተደብቀህ ስለምን ሠራህ ብለን በነቀፍነው ነበር። ከሰማይ ግን በቀን ያላደረግኸው ስለ ምንድን ነው የሚል ድምፅ አልመጣም፤ በሌሊት የፈረሰውም መሠዊያ ሲነጋ እንደ ፈረሰ ተገኘ። በማለዳ የከተማው ሰዎች ጌዴዎን ይገደል ብለው በተሰበሰቡ ጊዜ ደግሞ ከፊታቸው የቆመው የመሠዊያው ባለቤት ኢዮአስ ነው፤ በኣል አምላክ ከሆነ ስለ ራሱ ይሟገት ብሎ ልጁን አዳነ። ከፈሪው ልጅ የሌሊት ሥራ ለአባትየው የቀን ድፍረት ተወለደ።

ከዚህም በኋላ ጌዴዎን አላረፈም፤ ምልክት ለመነ። የበግ ፀምር በአውድማ አኑሮ፣ ጠሉ በፀምሩ ላይ ብቻ ወርዶ ምድሩ ደረቅ እንዲሆን ጠየቀ፤ ሆነለት። በማግሥቱ ደግሞ፣ እንዳትቈጣኝ እያለ፣ ነገሩ እንዲገለበጥለት ለመነ፤ ይህም ሆነለት። ሊቃውንቶቻችን ያንን ፀምር የእመቤታችን፣ የወረደበትንም ጠል የጌታ ሰው የመሆን ምሳሌ አድርገው ይተረጕሙታል፤ በቅዳሴዋና በምስጋናዋም ቤተ ክርስቲያን ትጠቅሰዋለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ ምሥጢር የተገኘው ሁለት ጊዜ አረጋግጥልኝ ካለ አንድ ተጠራጣሪ ሰው ልመና መሆኑን፣ ጥርጣሬ የገባውን ምእመን ለመገሠጽ የሚቸኵል ሰው ቢያስበው መልካም ነበር።

አሁን ወደ ሐሮድ ምንጭ እንምጣ። ጌዴዎን 32,000 ሰው ሰብስቦ ሳለ፣ ሕዝቡ በዛ ተባለ፤ በኦሪት ዘዳግም እንደ ተደነገገውም፣ የፈራ ሰው ወንድሙን እንዳያስፈራ ወደ ቤቱ ይመለስ ተብሎ ታወጀ። በአንድ ቀን 22,000 ሰው ተመለሰ። ከተመለሱት አንዱ እንኳ አልተረገመም፣ አልተቀጣምም። ነገር ግን ይህን አዋጅ ያወጀው ማን እንደ ሆነ ስናስታውስ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ በዚያ ሰፈር ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ወደ ቤቱ ለመመለስ ምክንያት የነበረው፣ ከመጥመቂያው ጕድጓድ የወጣው አለቃ ራሱ ነበር፤ እርሱ ግን የፈራ ይመለስ እያለ እያወጀ፣ ራሱ መመለስ ያልተፈቀደለት ፈሪ ሆኖ ቀረ። ከቀሩት 10,000ዎችም በውኃ አጠጣጣቸው ተለይተው 300 ብቻ ተረፉ።

በዚያች ሌሊት እግዚአብሔር የተናገረውን ነገር ደጋግሜ ባነበብሁት ቍጥር ርኅራኄው ይበልጥ ይታየኛል። ጌዴዎንን ወደ ምድያም ሰፈር እንዲወርድ አዘዘው፤ ቀጥሎም፣ ለመውረድ ቢፈራ ሎሌውን ፉራን ይዞ እንዲወርድ፣ ጠላቶቹም የሚነጋገሩትን እንዲሰማ ነገረው። ትእዛዙ ለደፋርም ለፈሪም እንዲሆን ተደርጎ ተሰጠ። ጌዴዎን ፉራን ይዞ ወረደ፤ ማለት ፈርቶ ነበር። ግመላቸው እንደ ባሕር አሸዋ ከማይቈጠረው ሠራዊት ዳር ደርሶም፣ አንዱ ወታደር ለባልንጀራው ሕልሙን ሲነግረው ሰማ፤ አንዲት የገብስ እንጎቻ እየተንከባለለች መጥታ ድንኳኑን መትታ ገለበጠችው፤ ባልንጀራውም ይህች የጌዴዎን ሰይፍ ናት ብሎ ፈታለት። ስንዴ ሳይሆን ገብስ፣ የድኻ እንጀራ፤ ጌዴዎን ራሱን በዚያ ሳያውቀው አልቀረም። ከመልአክ ቃል፣ ከፀምርና ከጠል ይልቅ የጠላት አፍ አጸናው፤ ገና አንድ ሰው ሳይወድቅ፣ በዚያው ተንበርክኮ ሰገደ። ቀንደ መለከቱ፣ ባዶው ማሰሮና በውስጡ የተሸሸገው ችቦ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ስለ እነርሱ ብዙ ተሰብኳልና አልጨምርም።

ስለ ፉራ ግን አንድ ነገር ልጨምር። በመላው ታሪክ ውስጥ አንዲት ቃል ሲናገር አናገኘውም። አልመከረም፣ አላጽናናም፣ ጥቅስም አልጠቀሰም፤ ሥራው ሁሉ ከፈራው ጌታው ጋራ በጨለማ መውረድ ነው። እኛ አይዞህ ማለት የምንችልበት ሕዝብ ነን፤ ከፈራው ሰው ጋራ እስከ ሐኪም ቤቱ ደጅ፣ እስከ ችሎቱ አግዳሚ ወንበር ድረስ አብሮ ወርዶ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ከቃሉ ይልቅ የሚከብድ አገልግሎት ነው፤ ለዚህም አገልግሎት ክህነት አያስፈልግም።

ነገሩን ሳልሸፍን ለመናገር፣ የጌዴዎን ፍጻሜ እንደ መጀመሪያው ያማረ አይደለም። ምድያማውያንን ሲያሳድድ ለደከሙት ሰዎቹ እንጀራ የከለከሉትን የሱኮትን ሽማግሌዎች በእሾህ ገረፋቸው፤ የጵኑኤልን ግንብ አፍርሶ ሰዎቹን ገደለ፤ ከምርኮው በ1,700 ሰቅል ወርቅ የሠራው ኤፉድም ለቤቱ ወጥመድ ሆነ። የተሰጠውን ጥብዓት እንደ ርስቱ መቍጠር በጀመረ ጊዜ ጭካኔ ሆነበት ብል ከታሪኩ የራቅሁ አይመስለኝም። በምድረ በዳ የወረደው መና ለዕለቱ የሚበቃ እንጂ ለማግሥት የሚቀመጥ አልነበረም፤ ያሳደሩት ሰዎች ትል አገኙበት። ቅዱስ ጴጥሮስም በአንዲት ገረድ ፊት ጌታውን ከካደ በኋላ፣ በበዓለ ኀምሳ ተነሥቶ ባስተማረው ቃል 3,000 ነፍስ የተጠመቀለት ሐዋርያ ሳለ፣ ከዓመታት በኋላ በአንጾኪያ ከግዝረት ወገን የመጡትን ሰዎች ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ እንደ ሸሸ ጳውሎስ ጽፏል። የእሳት ልሳን የወረደለት ሰው እንኳ ዳግመኛ ፈራ፤ ዳግመኛም ተሰጠው። ሐዋርያት ሸንጎው በዛተባቸው ጊዜ የጸለዩትን ጸሎት ያየ ሰው፣ ዛቻው እንዲወገድላቸው ሳይሆን ቃሉን በግልጥ የሚናገሩበት ልብ እንዲሰጣቸው እንደ ለመኑ ያገኛል፤ ያን የለመኑት ደግሞ መንፈስ ቅዱስን ቀድሞውኑ የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ።

ወደ ሐሮድ ልመለስና ላብቃ። ምድያም በሌሊት ተደናግጦ እርስ በርሱ ተራርዶ በሸሸ ጊዜ፣ ጌዴዎን ሸሺውን የሚያሳድዱ ሰዎች ከንፍታሌም፣ ከአሴርና ከምናሴ ጠራ። እነዚህ በመጀመሪያ የተጠሩት ነገዶች ናቸው፤ ከሐሮድ ወደ ቤታቸው ከተመለሱት ሰዎች መካከል ጥቂቶች ቀበቷቸውን አጥብቀው ሳይወጡ ቀርተዋል ብዬ አላምንም። መጽሐፉ ትላንት የት ነበራችሁ ብሎ አይጠይቃቸውም፤ ጌዴዎንም ይህን ለመጠየቅ ፊት አልነበረውም። በዚያ ቀን ለጠብ የመጡት ኤፍሬማውያን ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ወደ ሐሮድ ያልተጠሩ፣ የፈራ ይመለስ የሚለውም አዋጅ ያልደረሳቸው ሰዎች ሲሆኑ፣ ለጦርነቱ ስለ ምን አልጠራኸንም ብለው በጌዴዎን ላይ ጮኹበት፤ እርሱም በለዘበ ቃል አመስግኖ መለሳቸው።