ያልታረመው የዘውድ አንቀጽ

የስፔን አልጋ ወራሽ ልዕልት ሌኦኖር በዛራጎዛ የምድር ጦር አካዳሚ፣ ቀጥሎም በማሪን የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በሳን ሀቪየር የአየር ኃይል አካዳሚ ገብተው እንዲሠለጥኑ መደረጉን እያነሡ፣ ለዚያች አገር ዘመናዊት ንግሥት ተገኘችላት ብሎ ማወደስ የተለመደ ነገር ሆኗል። የጦር ትምህርቱን አልነቅፍም፤ ሕገ መንግሥቱ የሠራዊቱን ጠቅላይ አዛዥነት ለዘውዱ የሰጠ እንደ መሆኑ፣ ነገ የሚያዙትን ሠራዊት ዛሬ ከሥር ጀምረው ማወቃቸው፣ በ2025ም (ዓመታቱ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሸራ መርከብ አትላንቲክን መሻገራቸው የሚያስመሰግን ነው። የምቃወመው፣ የዘመናዊነትን ሸክም ሁሉ በአንዲት ወጣት ትከሻ ላይ ጭኖ ሕጉን ራሱን ከመታረም ነጻ የሚያወጣውን አስተሳሰብ ነው።

በ1978 የጸናው ሕገ መንግሥት በ57ኛው አንቀጽ፣ በዝምድና እኩል ከሆኑት ወራሾች መካከል ወንዱ ሴቲቱን እንዲቀድም ያዝዛል። አባታቸው ንጉሥ ፌሊፔ 6ኛ በ2014 የነገሡት ሁለቱን ታላላቅ እኅቶቻቸውን ኤሌናንና ክሪስቲናን በዚሁ ሥርዐት ቀድመው ነው፤ ልዕልቲቱም ወራሽ ሆነው የኖሩት በበኵርነታቸው ብቻ ሳይሆን ወንድም ስላልተወለደላቸው ነው። ኦክቶበር 31 ቀን 2023 አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው፣ እጃቸውን በሕገ መንግሥቱ ላይ አኑረው በእንደራሴዎቹ ፊት ሲምሉ፣ ሴትን ከወንድ የሚያሳንሰውን ይህንኑ ቃል ጭምር ሊጠብቁ ማሉ። የዚያ ቀን ረጅም ጭብጨባ ይህን ነገር መሸፈኑ እጅግ ያሳዝነኛል።

ማረሙ ከባድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተስማሙ በኋላ ተበትነው፣ አዲስ የተመረጡትም በዚያው ድምፅ አጽድቀው፣ በመጨረሻ ለሕዝበ ውሳኔ መቅረብ አለበት፤ ድምፁም በአንቀጹ ፈንታ በዘውዱ በራሱ ላይ እንዳይሆን የሚሰጉ አሉ። ነገር ግን ዴንማርክ በ2009 ሕዝቧን ጠይቃ ይህንኑ አስተካክላለች፣ ዘውዷም አልወደቀም። ስዊድን ግን ሕጓን ያሻሻለችው ወንድ ልጅ ከተወለደ በኋላ በመሆኑ፣ በ1980 አልጋ ወራሽነቱን ከሕፃኑ ከካርል ፊሊፕ ወስዳ ለታላቅ እኅቱ ለቪክቶሪያ መስጠት ግድ ሆነባት። ሌኦኖርም ነግሠው መጀመሪያ ሴት፣ ቀጥሎ ወንድ ቢወልዱ፣ በንግሥት ስም የሚጠበቀው ሕግ የበኵር ልጃቸውን ገፍቶ ዘውዱን ለታናሽ ወንድሟ ያወርሳል። እንግዲህ የማድሪድ እንደራሴዎች ከማንም ሕፃን ምንም ሳይወስዱ አንቀጹን ማረም የሚችሉበት ጊዜ አሁን ነውና፣ ያርሙት።