ፍላሹን አጥፉልን!

በሀገራችን ከማያቸው ብክነቶች ሁሉ የሚያስገርመኝን አንዱን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ ያለችውን አሟጦ ፉል ፍሬም ካሜራ ይገዛል። ይህ ካሜራ ከርካሹ የሚለየው በዋናነት በአንድ ነገር ነው፤ በደካማ ብርሃን ያያል። ሻማ በበራበት ክፍል፣ አንዲት አምፖል በተንጠለጠለችበት ግቢ፣ ጧፍ በተያዘበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሠራል። ታዲያ ልጁ ምን ያደርጋል? አናቱ ላይ ፍላሽ ይሰካና ሌሊቱን ሙሉ ሰው ዓይን ውስጥ ይተኩሳል። ረዳቱ ደግሞ በዘንግ ላይ የኤል ኢ ዲ መብራት ተሸክሞ ከኋላው ይከተለዋል። ጃንጥላ ገዝቶ ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳ ሥር የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው ነው።

«አንተ ደግሞ የሀገር ጉዳይ ሞልቶ ስለ ካሜራ ታወራለህ» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበል። እኔ የምለው ግን የካሜራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሌሊታችን፣ በዓላችን፣ የእናቶቻችን ፊት ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው በእነዚህ ፎቶዎች ነው። ያ መዝገብ አሁን እየተበላሸ ነው፤ የሚያበላሸው ደግሞ የዕቃ እጥረት አይደለም።

እስቲ ከሰዓታችን እንጀምር። እኛ ከምድር ወገብ ብዙም አልራቅንም። አዲስ አበባ ላይ ክረምት ሆነ በጋ ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከጠለቀች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። የሰሜን አውሮፓ ሰው በበጋው ከሥራ ወጥቶ ልጁን መናፈሻ ወስዶ በፀሐይ ብርሃን ፎቶ ሊያነሳ ይችላል። እኛ ዘንድ ታክሲ ተሰልፎ ቤቱ የሚገባ ሠራተኛ ልጁን የሚያገኘው በመብራት ነው። መብራት ከጠፋ ደግሞ በሻማ። ቡናው፣ እራቱ፣ የልጅ ጥናቱ፣ ጎረቤት ሲታመም ጥየቃው፣ የረመዳን ኢፍጣሩ፣ ማኅሌቱ፣ መልሱ፣ የለቅሶ ቤት ድንኳኑ፤ አብዛኛው ሕይወታችን ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በደካማ ብርሃን ፎቶ ማንሳት ለኛ «ልዩ ሙያ» አይደለም። የዘወትር ነገር ነው። ከዩቲዩብ የተማርነው «የፀሐይ መጥለቂያን ወርቃማ ሰዓት ጠብቁ» የሚለው ምክር የሌላ ሰማይ ምክር ነው። የኛው ወርቅ ትሪፖድ እስክትዘረጋ አይቆይም።

አሁን ወደ ዕቃው። የፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። መጠኑ የመጣው ከሲኒማ ፊልም ነው፤ ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ የሲኒማ ፊልም ለትንሽ ካሜራ ተጠቀመና እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ ለገበያ ቀረበ፤ ልኬቱ እስከ ዛሬ ዘለቀ። በስፋት ሲሰላ ርካሾቹ ካሜራዎች ላይ ካለው ሴንሰር ከእጥፍ በላይ ይሰፋል፣ ከአብዛኞቹ ስልኮች ሴንሰር ደግሞ ከ10 እጥፍ በላይ። ዝናብ ሲዘንብ ደጅ ላይ ጎላና ጣሳ አስቀምጡ፤ ዝናቡ ያው ነው፣ የሚጠራቀመው ግን አይገናኝም። ብርሃንም እንደዚያው ነው። ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

ይህ ደግሞ የትናንት ግኝት አይደለም። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2005 የመጀመሪያውን 5ዲ ሲያወጣ ፉል ፍሬም ይበልጥ ወደ ግለሰብ ቀረበ። በ2008 5ዲ ማርክ 2 እና የኒኮን ዲ700 መጡ፤ አይ ኤስ ኦ 6400 ላይ የሚሠሩ ካሜራዎች። በ2014 ሶኒ ኤ7 ኤስን አወጣ፤ 12 ሜጋ ፒክስል ብቻ፣ ግን ዓይን የማያየውን ጨለማ የሚያይ። እንግዲህ ቁጠሩ። «ፍላሽ ካልተኮስኩ አይወጣልኝም» የሚለው ባለሙያ የሚያወራው አያቱ 100 እና 400 ቁጥር ፊልም ይጨምሩበት ስለነበረ ዘመን ነው። ችግሩ ከ15 ዓመት በፊት ተፈቷል። ያልተፈታው ልማዱ ነው።

ልማዱ የሚጀምረው ከሌንሱ ነው። ልጆቻችን ቦዲ ይገዛሉ እንጂ ሌንስ አይገዙም። ስሙ የሚያስፈራ፣ ቁጥሩ የሚያኮራ ቦዲ ይዘው ፊቱ ላይ ያቺን ጨለማ ዙም ሌንስ ይሰካሉ፤ ሲያስረዝሟት ኤፍ 5.6 የምትሆነዋን። ኤፍ 1.8 የሆነች ተራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከእሷ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች። 10 እጥፍ! የካኖኗ 50 ሚሊ ሜትር 160 ግራም ብቻ ትመዝናለች፤ ከርካሾቹ ሌንሶች አንዷም እሷ ናት። በትልቁ ሴንሰር ያገኙትን ሁሉ በጠባብ ሌንስ አስረክበው ሲያበቁ «ካሜራው ጨለማ አይችልም» ይላሉ። ካሜራው ምን ያድርግ?

ፍላሹ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እንይ። ነጠላ የለበሰች እናት አስቡ። ፊቷ የጠይም፣ ነጠላዋ ነጭ፣ ጥለቱ የተሠራው በእጅ። ፍላሽ ከሁለት ሜትር ላይ ፊት ለፊት ሲተኮስ ነጠላው ወረቀት ይሆናል፤ ፈትሉ የለ፣ እጥፋቱ የለ። ፊቷ ደግሞ ቅባት የፈሰሰበት ይመስላል። ግንባርና አፍንጫ ያበራል፣ ጉንጭ ይጠፋል። ከኋላዋ ያለው ሰው፣ ሥዕሉ፣ መጋረጃው ጥቁር ግድግዳ ይሆናል፤ ምክንያቱም የፍላሽ ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ፊት ያለው ይቃጠላል፣ ኋላ ያለው ይሰወራል። ያ ፎቶ ላሊበላ ይነሳ ቦሌ የሚገኝ አዳራሽ ውስጥ ይነሳ አይለይም። የቦታው ብርሃን ተገድሏላ!

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፣ «ሸርሊ ካርድ» ይሉታል። ቀለም ትክክል መውጣቱ የሚለካው በእሷ ቆዳ ነበር። የኩባንያው የቀድሞ ባለሙያዎች እንደተናገሩት ፊልሙ ቡናማ ቀለምን በደንብ እንዲለይ ግፊት ያደረጉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ናቸው። የሰው ፊት ያላስገኘውን ቸኮሌት አስገኘው ማለት ነው። ዛሬ ያ ሰበብ የለም። ጥሩ ፉል ፍሬም ሴንሰር የጠይሙንና የጥቁሩን ፊት ደረጃ ሁሉ፣ ከጥላው እስከ ብርሃኑ፣ በአንድ ፎቶ ይይዛል። እኛ ግን ራሳችን ሸርሊን መልሰን አመጣናት። መጀመሪያ በፍላሽ እናነጣለን፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ደግመን እናነጣለን፣ ቆዳውን እንደ ላስቲክ እናለሰልሳለን። ሙሽራዋ አልበሙን ስታገኝ የአክስቷን ልጅ ታገኛለች እንጂ ራሷን አታገኝም። ደንበኛው ነው የሚፈልገው ትሉኛላችሁ። ደንበኛው ሌላ ምን አሳያችሁትና?

ባለፈው ፋሲካ ሌሊት በአንድ ደብር (ስሙ ይቅር) «ክርስቶስ ተንሥአ» ሊባል መብራቱ ሁሉ ጠፍቶ ጧፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተለኮሰ ነበር። እንዲህ ያለ ብርሃን የትም አይገኝም፤ ከታች ወደ ላይ ፊትን የሚሞቅ፣ በየአፍታው የሚንቀሳቀስ። ሦስት ካሜራ ማኖች በካህናቱና በምእመኑ መካከል ገቡ። ጧፉ ገና ግማሹን ቤት ሳይደርስ ያ ነጭ መብራት ቦግ አለ፤ ሕፃናት ዓይናቸውን ሸፈኑ፣ ከጎኔ የነበሩ አዛውንት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሁለቱ የያዙት ካሜራ ፉል ፍሬም ነው፤ ማሰሪያው ላይ ተጽፏል። በኤፍ 1.8፣ በአይ ኤስ ኦ 6400፣ በሴኮንድ አንድ መቶኛ ሻተር የጧፍ ብርሃን ያረፈበትን ፊት ያለ ምንም ጭማሪ ማንሳት ይቻላል። አንድ ሰው ዓይን ውስጥ ሳይገቡ። የሚያሳዝነው ምእመኑ የተረበሸው ብቻ አይደለም፤ ያነሱት ፎቶ ላይ ጧፉ ራሱ የበራ አይመስልም።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለው ወገን ደግሞ አለ። ስልክ ጥሩ ነው፤ ለደረሰኝ፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለፈጣን ወሬ። የስልክ «የማታ ሞድ» ግን የሚያደርገውን እወቁት። ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ ይደራርባል፣ ጨለማውን ያነጣል፣ የሻማውን ቢጫ «ስህተት» ብሎ ወደ ነጭ ይጎትታል፣ የተንቀሳቀሰውን ሰው ያደበዝዛል ወይም እንደ መሰለው ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ በሳምሰንግ ስልክ ቢያነሳው ስልኩ በምስሉ ላይ ያልነበረ የጨረቃ ገጽ ዝርዝር ጨምሮ አወጣለት። ኩባንያውም ጨረቃን የሚለይና ዝርዝሩን የሚያጎላ የሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዳለው አስረዳ። ለጨረቃ እሺ፤ ጨረቃ አትከስም። ግን ማታ የሆነን ነገር ማስረጃ ብለን ስናስቀምጥ፣ የሆነውን ነው የምናስቀምጠው ወይስ ስልኩ ይሆናል ብሎ የገመተውን? ወቅታዊ ጉዳይ የምትከታተሉ ሰዎች ይህን ጥያቄ ለካሜራ አፍቃሪ ብቻ አትተዉት።

ገንዘብስ? ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ አላቃልለውም። በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ካሜራ የብዙ ሰው ሕልም ሆኗል። እኔ ግን አዲስ ግዙ አላልኩም። እንዲያውም የዘንድሮውን ሞዴል ለማሳየት ብቻ በዕዳ የሚገባውን ልጅ የሚያሞካሹትን ነው የምቃወመው። ከ10 ዓመት በላይ ያስቆጠረው ካኖን 6ዲ ያገለገለ ሲገኝ ከአዲስ ውድ ስልክ በታች በሆነ ዋጋ ይሸጣል፤ ጨረቃ ብቻ ባለችበት ሌሊት እንኳ በመሐለኛዋ ነጥብ ፎከስ ያደርጋል። ከአንዲት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር እሱ ለማንኛውም ማታ ይበቃል። ቪዲዮ ለሚሠራ ሌላ ሂሳብ ነው፤ ፎቶ ግን ይኸው ነው።

ፍላሽ ሁሉ ኃጢአት ነው ግን አልወጣኝም። አዳራሽ ውስጥ 60 ሰው ቆሞ ሲነሳ ወደ ነጭ ጣሪያ አዙሮ መተኮስ ሥራ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ከኋላ ስትሆን ትንሽ መሙላትም ያባት ነው። የምቃወመው ባዶ ፊት ላይ፣ ማታ፣ በጸሎትና በሐዘን መካከል የሚተኮሰውን ነው።

ለሚሞክር አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፣ አስቀድሜ ልናገር። የሀገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሽ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ዓይናችን ባያየውም። ሻተሩን አፍጥናችሁ፣ በተለይ ድምፅ አልባውን ሻተር ከፍታችሁ ብታነሱ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ። ካሜራው ተበላሸ ብላችሁ ወደ ጥገና አትሩጡ። አንድ መቶኛ ወይም አንድ ሃምሳኛ ላይ አድርጉት፣ ይጠፋል። ጧፍና ሻማ ይህ ችግር የለባቸውም፤ የድሮ ሰው ያውቅ ነበር።

ሌላው ካሜራውን ከሻንጣ ማውጣት ነው። ፉል ፍሬሙ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ሠርቶ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቁም ሣጥን ውስጥ ይተኛል። ባለቤቱ የገዛ እናቱ ቡና ስታፈላ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ የለውም! የሰው ሙሽራ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለው፣ የራሱ አያት ግን የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ። ሰፈሮች በወራት ውስጥ ሲነሱ አየን፤ ፒያሳን አየን። ከእነዚያ ግቢዎች የማታ ሕይወት ስንት ሰው ምን ፎቶ ይዞ ወጣ? በርግጥ ትልቅ ካሜራ አንግቶ መንገድ ላይ መውጣት የራሱ ጣጣ አለው፤ ስልክ ይዞ ሲቀርጽ ዞር ብሎ የማያየው ጥበቃ ካሜራ ሲያይ «ፈቃድ አለህ?» ይላል። ያ ሌላ ቀን የምንነጋገርበት ነው። የእናትህን ቡና ለማንሳት ግን ማንም ፈቃድ አይጠይቅህም።

የሰበካ ጉባኤዎች፣ እባካችሁ፣ በማኅሌትና በቅዳሴ ሰዓት ፍላሽና የቪዲዮ መብራት የሚከለክል ወረቀት በር ላይ ለጥፉ፤ ካሜራን አትከልክሉ፣ መብራቱን ከልክሉ። ሙሽሮች፣ ውል ስትፈርሙ የገጹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ማታውን በምን ብርሃን እንደሚያነሳ ጠይቁ፤ «ያለ ፍላሽ ያነሳኸውን ሦስት ፎቶ አሳየኝ» በሉት። ማሳየት ካቃተው ዋጋ ቀንሱ።

በመጪው ከተራ ማታ ፍላሹን ቤቱ ትቶ ጃንሜዳ የሚያድር ፎቶ አንሺ ካለ ደግሞ ፎቶውን ይላክልን፤ እዚሁ ቻናል ላይ እንለጥፈዋለን። ኖይዙን ሳናጠፋ፣ ፊት ሳናነጣ።