«ድንጋይ ብቻ ነው» የሚለው መልስ አይበቃም

አንድ ተማሪ ከወንዝ ዳር ያነሣውን ለስላሳ ድቡልቡል ድንጋይ ይዞ ወደ መምህሩ ይመጣል። «ከሰማይ የወደቀ ይሆን? ወይስ የጥንት እንስሳ እንቁላል?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ድንጋይ ብቻ ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም ጥያቄውን ይገድላል።

ከገደል ተሰብሮ ወደ ወንዝ የገባ አለት ጠርዙ ስለታም ነው። ጎርፍ ሲያንከባልለው ከሌሎች ድንጋዮች ጋር ይጋጫል፣ ይፋተጋል። አስቀድመው የሚጠፉት ሹል ማዕዘኖቹ ናቸው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ስተርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1875 የራይንን ጠጠሮች መርምሮ፣ ወንዙን ተከትለን ቁልቁል በወረድን ቁጥር መጠናቸው ሥርዓት ባለው ሁኔታ እንደሚያንስ አሳይቷል። ለዚህም መፋተጉ ብቻ ሳይሆን፣ ወንዙ ከባዱን ወደ ኋላ እየተወ ቀላሉን ይዞ መሄዱም ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ድቡልቡል ሁሉ የወንዝ ሥራ አይደለም። በደጋው አገራችን ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ በስንጥቆቹ ውሃ ሲገባ፣ ከቦታው ሳይነቃነቅ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ይድቦለቦላል። ታዲያ በምን እንለያቸው? እንዲህ ያለው ድንጋይ ቅርፊት አለው፤ ዓይነቱም ከሥሩ ካለው አለት ጋር አንድ ነው። የወንዝ ድንጋይ ግን ለስላሳ ነው፤ ከተለያየ ስፍራ የመጡ የተለያዩ አለቶችም ጎን ለጎን ይገኛሉ። ጠፍጣፋዎቹ ደግሞ ውሃው ወደ መጣበት አቅጣጫ አዘንብለው ተደጋግፈው ይተኛሉ።

ይህ ንባብ ተራ ነገር አይደለም። በአፋር ጎና የተገኙትን፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቈጠሩትን የድንጋይ መሣሪያዎች የሠሩት ፍጡራን ድንጋያቸውን የመረጡት ከጥንቱ አዋሽ ጠጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በማርስ ላይ ያገኘቻቸው ድቡልቡል ጠጠሮችም በዚያ አንድ ወቅት ወራጅ ውሃ እንደነበረ መስክረዋል። ማስረጃው ተማሪው በእጁ ከያዘው ጋር አንድ ዓይነት ነው።

በእኔ እምነት የአለት ዓይነቶችን ስም ከማስሸምደዳችን በፊት ተማሪዎቻችንን በበጋ ወደ ወንዝ ዳር ልንወስዳቸው ይገባል። ቤተ ሙከራ የለንም ማለት ለዚህ ምክንያት አይሆንም፤ አጉሊ መነጽርና ማስታወሻ ደብተር ይበቃሉ። ለቅልልቦሽ ጠጠር መርጦ ያደገ ልጅ ለስላሳውን ከሻካራው መለየት ቀድሞ ያውቃል። የቀረው «ለምን ለሰለሰ?» ብሎ የሚጠይቀው መምህር ነው።