ለብቻ የተቀዳ ሙዚቃ ባዶ ነውን?

በሙዚቃ ወዳጆቻችን ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አስተያየት አለ። «አንድ ሰው ክፍል ዘግቶ፣ ከበሮውን ለማሽን ሰጥቶ፣ የቀረውን መሣሪያ ሁሉ ራሱ እየተጫወተ የቀዳው ድምፅ ሙዚቃ ሊባል አይገባውም፤ ሙዚቃ የኅብረት ሥራ ነውና» ይላል። አስተያየቱ ሲነገር ቁም ነገረኛ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲመረምሩት ግን የሰነፍ ጆሮ መሸሸጊያ ሆኖ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ መሸሸጊያ ጋር ለመሟገት ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክርክሩን ከሚከብደው ጫፍ እንጀምረው። «ብላክ ሜታል» የሚባል የሙዚቃ ስልት አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ መልክ ይዞ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ነው። የጊታሩ ድምፅ ሆን ተብሎ የተሻከረ ነው፤ ከበሮው ይጣደፋል፤ ድምፃዊውም ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። በዚህ ስልት ብቻቸውን አልበም ለሚሠሩት ፈር ከቀደዱት መካከል አንዱ በ1994 በነፍስ ግድያና በአብያተ ክርስቲያናት ቃጠሎ ተፈርዶበታል። ይህን ወንጀል ለመከላከል ከብዕሬ አንዲት ቃል አትወጣም። ነገር ግን የአንዱ ኃጢአት ለስልቱ ሁሉ አይቈጠርም። አሜሪካዊው ኦስቲን ለን «ፓኖፕቲኮን» በሚል ስም በ2012 ያወጣውን «ኬንተኪ» የተሰኘ አልበም እንውሰድ። መሣሪያዎቹን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የተጫወተው እርሱ ራሱ ነው። የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን የትግል ዘፈኖችና የተራራማውን አገር ባንጆ አንሥቶ ከዚያ ሻካራ ጩኸት ጎን አስቀምጧቸዋል። በመጀመሪያው አድማጭ ጆሮ ላይ የሚያርፈው በቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ በረዶ ነው። ታግሦ ደግሞ ደጋግሞ የሰማ ግን ከበረዶው ሥር ቀስ ብላ የምትሄድ፣ ያዘነች ዜማ ያገኛል። ብቻውን የተቀመጠው ሰው አንድ የተጎዳ አገር ይዞ ነበር የተቀመጠው።

«ሻካራ ድምፅስ ምን ሙዚቃ ይባላል?» የሚል ካለ በገናን ይጠይቅ። አሥሩ አውታሮች ከበርኩማው ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ሥራዋ አውታሩ ጥርት ብሎ እንዳይጮኽ፣ ይልቁንም እንዲነዝር ማድረግ ነው። በገና ደርዳሪው እንዝራዋን ወዲህና ወዲያ እያደረገ ያን ንዝረት በብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ካላገኘውም በገናው ለእርሱ ገና አልተቃኘም። በዐቢይ ጾም ልባችንን የሚያርደው ድምፅ እንግዲህ ሆን ተብሎ የተሻከረ ድምፅ ነው። ደግሞስ በገናን ስንት ሰው ይደረድረዋል? አንድ። የሚደረድረውም የሚያዜመውም ያው አንዱ ሰው ነው። በሜዳ ላይ ዋሽንት የሚነፋው እረኛም ጓድ አይጠብቅም። ቋንቋችን ራሱ ሰው ለብቻው፣ ለራሱ ጆሮ ለሚያሰማው ዜማ «እንጉርጉሮ» የሚል የተለየ ስም አውጥቶለታል። ሙዚቃ ያለ ኅብረት አይሆንም የሚሉን ወገኖች ይህን ሁሉ ከየት መዝገብ ሊሰርዙት ነው?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው፣ በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቀው ደብረ ብርሃን፣ በ1946 ኃይሉ መርጊያ ተወለደ። በ10 ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በ14 ዓመቱም አኮርዲዮንን በራሱ ጥረት ተማረ። ኋላ ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ሆቴል ሲጫወት፣ የሰዓት እላፊ በታወጀበት በዚያ ዘመን ታዳሚው እስኪነጋ በር ተዘግቶበት ያመሽ እንደነበር የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። በ1977 ባንዱ «ቼ በለው» የተሰኘውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ አወጣ። በ1981 ወደ አሜሪካ ለሥራ ተጓዘ፤ ከአባላቱ ከፊሉ ሲመለሱ ኃይሉና ሌሎች እዚያው ቀሩ።

በ1985 ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ወደ አንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ብቻውን ገባ። አኮርዲዮኑን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ የያማሃ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ነበር። ከዚያ የወጣው ካሴት «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» ይባላል። ስሙ ራሱ ክርክር ነው። ክላሲካል የተባለው መሣሪያ አኮርዲዮን ነው፤ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ከባንዶቻችን መድረክ የወረደው፣ የደራሲው የልጅነት ጓደኛ። በዘመኑ አዲስ የነበረውን ማሽን የገዛ ሰው፣ ያን ማሽን ያሮጌው መሣሪያ አሽከር አደረገው።

«ማሽን ነፍስ የለውም» ይባላል። እርግጥ ነው፣ የለውም፤ የካሴቱም ጥበብ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። የከበሮ ማሽን አይደክምም፣ አያመነታም፣ ትንፋሽ አይወስድም። አኮርዲዮን ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሳይተነፍስ ድምፅ አይሰጥም። ኃይሉ እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያቆማቸው የአንደኛው አለመተንፈስ የሌላውን ትንፋሽ ያጎላዋል። «አምባሰል» በተሰኘው ሥራ ላይ ይህን ማዳመጥ ይቻላል። ያኮርዲዮን ቁልፍ ድምፁ የተወሰነ ነው፤ እንደ ሰው ጉሮሮ ወይም እንደ ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ አይንሸራተትም። ተጫዋቹ ግን ከዋናው ድምፅ በፊት ትንንሽ ድምፆችን እየነካካ ያለፈውን የዘፋኝ ጉሮሮ በጣቱ ያስመስለዋል። ግጥም የለም፤ ነገር ግን ግጥሙ የት ቦታ ሊገባ እንደሚችል አድማጭ ያውቃል፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ሳይሆን ተጠብቆ ነው የሚሰማው።

ከተቃራኒው ወገን አንድ እውነት እቀበላለሁ። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን በየምሽት ቤቱና በየካሴቱ ሲገቡ የናስ መሣሪያ ተጫዋቾቻችንና ከበሮ መቺዎቻችን እንጀራቸው ተነክቷል። ይህ ቀላል በደል አይደለም። ነገር ግን ለስድስት ሰው የሚከፈለውን ለአንድ ለመክፈል ማሽን የሚያስገባ ነጋዴ ሌላ ነው፤ ባንዱ በባሕር ማዶ ተበትኖ የሚናገረው ነገር ያልተበተነበት ሙዚቀኛ ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚኮንን ሐያሲ የነጋዴውን ዕዳ ሙዚቀኛውን እያስከፈለ ነው።

ይበልጥ የሚያስቆጨው የሚከተለው ነው። ካሴቱ ያኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሸጧል፤ የጠፋ ዕቃ አልነበረም። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲያ ኃይሉ በየአገሩ መድረክ ተጋበዘ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ከ1985 እስከ 2013 ያሉት 28 ዓመታት ናቸው። በነዚያ ዓመታት ካሴቱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ያልነበረው ብቻውን የተጫወተን ሰው ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሐያሲ ነው። የውጭ ጋዜጦች ደግሞ ታክሲ ነጂ መሆኑን እያነሡ እንደ ተረት ጻፉለት። እርሱ በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ይህ የሚታዘንለት ሰው ታሪክ አይደለም፤ የሥራ ሰዓቱን የሚያውቅ ባለሙያ ታሪክ ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ካሴት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተሟገትሁ። ዛሬ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሌላው ከተማችን ባንድ ለማቋቋም ገንዘብም ጓደኛም ያላገኘ ወጣት በአንድ ኮምፒዩተርና በአንድ ማይክሮፎን የሚሠራውን ሥራ ይዞ ሲመጣ የሚጠብቀው ያው የጥንቱ መልስ ነው፤ «ባንድ ይዘህ ተመለስ»። ሥራው መጥፎ ከሆነ መጥፎነቱ ይነገረው። ሳይሰሙት ብቸኝነቱን እንደ ጉድለት መቁጠር ግን ሂስ አይደለም።

ለዚህም «ሽለላ» የተሰኘውን የኃይሉን ሥራ በማስረጃነት አቀርባለሁ። ሽለላ ምን እንደሆነ ለአገር ሰው አይነገርም፤ ጀግናው ይጣራል፣ የቆመው ሕዝብ ይመልስለታል፣ ደሙም የሚሞቀው በመልሱ ነው። በካሴቱ ላይ አኮርዲዮኑ ይጣራል። የሚመልስለት ግን የለም። ማሽኑ ብቻ ከሥሩ መምታቱን ይቀጥላል፤ አኮርዲዮኑም ጥቂት ይጠብቅና እንደገና ይጣራል። በዋሽንግተን ክፍል ውስጥ ተቀባይ ያጣውን ያን ሽለላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቶ «ባዶ ነው» የሚል አንባቢ ካለ ምክንያቱን ጽፎ ይላክልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣለታለን።