ሐይቅ የተባለችው ከተማ ስሟን ከወዴት አገኘች?

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሐይቅ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ስሟ ከውሃው እንደ ተወሰደ ለማንም ግልጽ ነው፤ ቃሉ ራሱ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በግእዝ ሐይቅ ማለት አስቀድሞ የባሕር ጠረፍ፥ የባሕር ዳር ማለት ሲሆን፥ በአማርኛችን የውሃው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እንግዲያስ የጣናዋ ባሕር ዳርና የወሎዋ ሐይቅ በስም እኅትማማች ናቸው።

ይህን ስም በአገር ሁሉ ያሰሙት ነጋዴዎች ወይም ባላባቶች ሳይሆኑ መነኮሳት ናቸው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከተማሩ በኋላ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ደሴቱ መጥተው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ቤት አቆሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ከጥንታውያን መጻሕፍታችን አንዱ ነው። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ ይህም በቤተ መንግሥት ታላቅ ማዕረግ ነበረ። ከተማይቱ የተጠራችው እንግዲህ ቀድሞ በታወቀ ስም ነው።

የአገሩ ሽማግሎች ግን የውሃውን አፈጣጠር የሚነግሩት በሌላ መንገድ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቈጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውሃ አደረገው፤ እርስዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ተረፈ ይላሉ። ታሪክ ጸሐፊ ይህን አይቀበል ይሆናል፤ ለእኛ ግን ደሴቱ በውሃ የተከበበ መሆኑን ሕዝቡ እንዴት በልቡ እንደ ያዘው ያሳየናል። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝም በ1510ዎቹ ዓ.ም. አገራችንን በጐበኘ ጊዜ ገዳሙን በደሴት ላይ እንዳለ ጽፎታል። ዛሬ ወደዚያ ለመሄድ ታንኳ አያሻም፤ ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዞአል።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም አገር ደርሶአል። በአሜሪካ በ1847 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ሰዎች ከአንድ ጨዋማ ሐይቅ አጠገብ ሰፍረው ከተማቸውን በሐይቁ ስም ሶልት ሌክ ሲቲ አሉት። በ2022 እ.ኤ.አ. ያ ሐይቅ ከተለካ ወዲህ እጅግ ዝቅ ካለው መጠን ደረሰ፤ ወደ እርሱ የሚወርዱት ወንዞች ለእርሻና ለከተማ ተጠልፈዋልና።

በእኛም ዘንድ ከላይ ያለው አርዲቦ ነው። አርዲቦ ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከፍ ባለ ስፍራ የተኛ ሲሆን፥ ከእርሱ የሚወጣው ወንዝ ወርዶ ሐይቅን ይመግባል። ስለ ሐይቅ ብዙ ሲጻፍ ስለ አርዲቦ የሚነገረው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነናል። በመካከል ያለው ገበሬ ልጆቹን ለማብላት ውሃውን ወደ ማሳው ቢመልስ ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን በመስኖ አገር የውሃ አባቶች ለእያንዳንዱ ማሳ ተራ እንደሚሰጡ ሁሉ፥ ከታች ላለው ሐይቅም በዚያው ተራ ውስጥ ቀን ቢቈጠርለት እንወዳለን።